ካፖርታሙ መርማሪና አለቃው



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናወጋችሁ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ትዳር እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዛሬው ጨዋታችን ግን ጥቂት ለየት ይላል። የዒሻ ሶላት ተሰግዶ፣ እራት ተበልቶ፣ ልጆችም ደብተራቸውን ከዘጉ በኋላ እኛ የጊኒር ሰዎች እንደ ሌላው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጣችን አልቀረም። ከምናያቸው ተከታታይ ፊልሞች መካከል ደጋግመን ብናየው የማንሰለቸው አንድ አለ፤ እሱም ኮሎምቦ የተባለው መርማሪ ፖሊስ ታሪክ ነው። ከክፍሎቹ አንዱን መርጠን ለምን እንደምንወደው ልናጫውታችሁ ነው። እግረ መንገዳችንንም በየቤታችን በየዕለቱ ስለሚያጋጥመን አንድ ነገር፣ ማለትም ሰውን ስለ መጠርጠር፣ የምንለው ይኖረናል።

ኮሎምቦን ለማታውቁት ባጭሩ እናስተዋውቃችሁ። በሎስ አንጀለስ ከተማ የግድያ ወንጀልን የሚመረምር ሌተናንት ነው። የታሪኩ ደራሲዎች ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ የተባሉ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። መርማሪውን ሆኖ የሚጫወተው ፒተር ፎልክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሚና ታየ። ከ1971 ጀምሮ ታሪኩ በተከታታይ መቅረብ ያዘና፣ በመካከሉ ለዓመታት ተቋርጦ እንደገና ተቀጥሎ፣ እስከ 2003 ድረስ በጠቅላላው 69 ክፍሎች ተሠሩ። ፒተር ፎልክ በ1927 በኒውዮርክ ተወልዶ በ2011 ነው የሞተው። ገና በ3 ዓመቱ በዕጢ ምክንያት ቀኝ ዐይኑ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ዐይን ነበር የኖረው። በአንድ ዐይን የሚያይ ሰው፣ ሁለት ዐይን ያላቸው ሁሉ ያላዩትን የሚያይ መርማሪ ሆኖ ሲጫወት መመልከት በራሱ ልብ ይነካል።

የኮሎምቦ ሁኔታ ለባለሥልጣን አይመስልም። የተጨማደደች የዝናብ ካፖርት አለችው፤ ካፖርቷ የተዋናዩ የራሱ ንብረት ነበረች። የሚነዳት አሮጌ ፔጆ 403 ቆማ ስትገኝ የተጣለች ትመስላለች። ስለ ባለቤቱ ሳያወራ አይውልም፤ እኛ ግን አንድም ቀን አይተናት አናውቅም። ሀብታሞቹ ተጠርጣሪዎች ሲያዩት ይንቁታል፤ እሱም መናቁን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ጠይቆ ጠይቆ፣ አመስግኖ፣ ተሰናብቶ ይወጣል። ሰውየው እፎይ ብሎ ፊቱን ሲያዞር ኮሎምቦ ከበሩ ተመልሶ አንዲት የቀረች ጥያቄ እንዳለችው ይናገራል። የነገሩ ሁሉ መርዝ ያለው በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው። በቤታችን ልጆቹ ይህን ጊዜ አስቀድመው ስለሚያውቁት ገና ወደ በሩ ሲራመድ መሳቅ ይጀምራሉ።

የታሪኩ አሠራርም ከሌሎች ይለያል። ሼርሎክ ሆምስንና የአጋታ ክሪስቲን መጻሕፍት ያነበባችሁ እንደምታስታውሱት፣ በእነዚያ ታሪኮች እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያስጨንቀን ጥያቄ ገዳዩ ማን ነው የሚል ነው። በኮሎምቦ ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ እንዴትና ለምን እንደገደለ ከመጀመሪያው እናያለን። ይህን አካሄድ ኦስቲን ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ ሞክሮት ነበር። የኮሎምቦ ደራሲዎችም መርማሪያቸውን ሲቀርጹ በሩሲያዊው ዶስቶየቭስኪ ‹ወንጀልና ቅጣት› ውስጥ ያለውን ፖርፊሪ ፔትሮቪችን በአእምሯቸው ይዘው ነበር።

ሶፍ ዑመርን ያየ የባሌ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ከጊኒር ወደ ጎሮና ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለውን ዋሻ ማለታችን ነው። የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ብቅ ይላል። የዋሻው መተላለፊያዎች ሁሉ ተደምረው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። በመግቢያው ላይ ቆመን ውኃው ሲሰወር ስናይ የምን ወንዝ እንደሆነ አንጠይቅም፤ የት እንደሚወጣም እናውቃለን። ልባችንን የሚሰቅለው በዚያ ጨለማ ውስጥ በየትኛው ዓምድ ሥር፣ በየትኛው ቀዳዳ እያለፈ ወደ ብርሃን እንደሚመጣ ማሰቡ ነው። የኮሎምቦም ጣዕም ይኸው ነው። እውነቱ ሲቀበር ዐይናችን እያየ ነው፤ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት ነው የምንቀመጠው።

አሁን ወደ መረጥነው ክፍል እንምጣ። ርዕሱ በአማርኛ ‹የተግባር ወዳጅ› እንደማለት ነው። የጻፈው ፒተር ፊሸር፣ ያዘጋጀው ቤን ጋዛራ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1974 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1966 ዓ.ም መሆኑ ነው። መጨረሻውን ሳይሰሙ ማየት የሚሹ አንባብያን ካሉ ቀጣዮቹን ጥቂት አንቀጾች ይዝለሏቸው።

ሂዩ ኮልድዌል የተባለ ሰው ከሚስቱ ከጃኒስ ጋር ይጣላና በቁጣ አንቆ ይገድላታል። ድርጊቱን የሚነግረው ለጎረቤቱና ለወዳጁ ለማርክ ሃልፐሪን ነው። ሃልፐሪን ደግሞ ተራ ሰው ሳይሆን የከተማው ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነር ነው። እንግዲህ ወዳጅ ማለት በዚህ ሰዓት ምን ማድረግ ነበረበት? በዳይ የሆነውን ወንድማችንን የምንረዳው እጁን ይዘን ከበደል በመመለስ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሃልፐሪን ግን የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። በዚያ ሰፈር በዚያው ሰሞን የጌጣጌጥ ስርቆት በርክቶ ነበርና፣ ሴትዮዋን የገደላት ያው ሌባ እንዲመስል አድርጎ ነገሩን ያዘጋጃል። ኮልድዌል ከውጭ ወደ ቤቱ ስልክ እንዲደውል ያደርጋል፤ ሚስቱ በዚያ ሰዓት በሕይወት ነበረች ለማሰኘት ነው። ከዚያም ሃልፐሪን ወደ ራሱ ቤት ተመልሶ፣ ሚስቱ ባለችበት በመስኮት እየተመለከተ፣ ከጎረቤት ግቢ ሰው ሲሸሽ አየሁ ብሎ ፖሊስ ይጠራል። የዐይን ምስክሩ ምክትል ኮሚሽነሩ ከሆነ ማን ቃሉን ይጠራጠራል?

ውለታው ግን ብድር ነበር። የሃልፐሪን ሚስት ማርጋሬት ሀብታም ናት፤ ገንዘቧንም ለበጎ አድራጎት የምትሰጥ ደግ ሴት ናት። ባሏ ይህ ልግስናዋ ያንገበግበዋል። ስለዚህ በገላ መታጠቢያው ውስጥ አፍኖ ይገድላትና፣ ኮልድዌል ብድሩን እንዲከፍል ያስገድደዋል። ኮልድዌል ሌባውን መስሎ አስከሬኗን በግቢው መዋኛ ውስጥ እንዲጥል፣ ሃልፐሪን ራሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት በፖሊስ ሄሊኮፕተር ሰማይ ላይ ሆኖ ‹ሌባውን› እንዲያይ ይስማማሉ። ሁሉም እንደታቀደው ይፈጸማል። ሃልፐሪን ሚስቱን ለማዳን ወደ ውኃው ሲገባ ያየ ሁሉ ያዝንለታል። ከተማውም ሁለት ሴቶችን የገደለ ሌባ አለ ብሎ ይሸበራል።

ኮሎምቦ ይህን ሁሉ የደረሰበት በምን ይመስላችኋል? በጠመንጃ አይደለም፤ በግርፋትም አይደለም። የመጀመሪያው ፍንጭ የሌሊት ልብስ ነው። የኮልድዌል ቤት ሠራተኛ የእመቤቷን የሌሊት ልብስ ሁልጊዜ አጣጥፋ ከትራሱ ሥር ታስቀምጣለች። ሟቿ ሌላ የሌሊት ልብስ ለብሳ ስትገኝ ያ የተጣጠፈው ግን ከትራሱ ሥር እንዳለ ነበር። ሴትዮዋ ለመተኛት ራሷ ለብሳ ቢሆን ኖሮ እጇ የሚሄደው ወደ ትራሱ ነበር፤ የቤቱን ልማድ የማያውቅ ሌላ ሰው ነው ከቁም ሣጥን አውጥቶ ያለበሳት። ሁለተኛው ፍንጭ ስልኩ ነው። ሴትዮዋ ከባሏ ጋር በስልክ ተነጋገረች ተብሏል፤ በስልኩ እጀታ ላይ ግን የእሷ አሻራ እንኳ አልተገኘም፤ ተወልውሏል። ሦስተኛው ፍንጭ ከማርጋሬት ሳንባ ውስጥ የተገኘው ውኃ ነው። ውኃው ሳሙና አለበት፤ የመዋኛ ውኃ ደግሞ ሳሙና የለውም።

እናቶችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። እነዚህ ሦስቱ ፍንጮች የቤት ውስጥ ዕውቀት አይደሉምን? የሌሊት ልብስ የት እንደሚቀመጥ፣ የተወለወለ ዕቃ ከተነካ ዕቃ በምን እንደሚለይ፣ የታጠቡበት ውኃ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ማን ነው? ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነው። ስኳሩ ከትናንት በስንት ጣት እንደጎደለ፣ ከልጆቹ የትኛው ማንኪያውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ጫማው ላይ ያለው ጭቃ የትምህርት ቤቱ ይሁን የወንዙ በአንድ እይታ የምትለይ እናት፣ ኮሎምቦ ከሚሠራው ሥራ እኩሌታውን በየቀኑ ትሠራለች። ኮሎምቦን የምንወደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቤት ሠራተኛዋን ሥራ ንቆ አያልፈውም። ሹማምንቱ ስለ ሌባ ሲከራከሩ እሱ ስለ ትራስ ይጠይቃል።

የልብስ ምስክርነት ለእኛ አዲስ ነገርም አይደለም። የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የሰማ ሁሉ ሁለቱን ቀሚሶች ያስታውሳል። በመጀመሪያው ወንድሞቻቸው የውሸት ደም ቀብተው ለአባታቸው ያመጡት አለ፤ የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያብራሩት ተኩላ በላው የተባለው ልጅ ቀሚስ አለመቀደዱ ውሸቱን አጋልጧል። ሁለተኛው በግብጽ የተቀደደው ነው። በዚያ ቤት ባለቤቲቱ ከሳሽ፣ ዩሱፍ ደግሞ ከሩቅ የመጡ፣ በገንዘብ የተገዙ ወጣት ነበሩ። ነገሩ የተለየው ከማዕረግ ሳይሆን ቀሚሱ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የተቀደደው ከሚል ጥያቄ ነው። ከኋላ መሆኑ ሲታይ እውነቱ ወጣ። ባለ ሥልጣን ስለከሰሰ ብቻ ተከሳሹ ጥፋተኛ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን አለ?

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ሃልፐሪን ኮሎምቦን ጠርቶ ይህን የሌሊት ልብስና የስልክ ነገር ትተህ ሌባውን ያዝልኝ ብሎ ያዝዘዋል። ብዙ የፊልም ጀግኖች እዚህ ላይ ይጮኻሉ፤ መታወቂያቸውን ጠረጴዛ ላይ ይወረውራሉ። ኮሎምቦ እንዲህ አያደርግም። አለቃውን ያከብራል፤ ትእዛዙንም በትሕትና ያዳምጣል። ምርመራውን ግን አይተወውም። ትእዛዙንም በሚያስገርም መንገድ ይፈጽማል፤ ሌባውን በእርግጥ ፈልጎ ያገኘዋል።

ሌባው አርቲ ጄሰፕ ይባላል። በዚያ ሰፈር የጌጣጌጥ ስርቆቱን የፈጸመው በእርግጥም እሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከዚህ ሰው የበለጠ ለመወንጀል የሚመች ማን አለ? ታስሮ የሚያውቅ ሌባ ነው፤ በእሱ ላይ የመሰከረው ምክትል ኮሚሽነር ነው፤ ሕዝቡ ተቆጥቷል። ነፍሰ ገዳይ ነው ቢባል አንድም ሰው አይከራከርለትም። በመላው ከተማ ይህ ሰው እንዳልገደለ የሚከራከር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሊይዘው የተላከው መርማሪ ነው። ኮሎምቦ ሌባውን ንጹሕ ነህ አይለውም። ሌባ መሆኑን ያውቃል። የሚለው የሠራኸው ሌላ፣ የተለጠፈብህ ሌላ ነው ነው። እኛ ይህን ክፍል ከ69ኙ መካከል የመረጥነው ለዚህ ነው።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ጄሰፕ ከኮሎምቦ ጋር ተስማምቶ ኮልድዌልን ያገኘውና፣ ባልሠራሁት ግድያ ስሜን አጠፋችሁ፣ ገንዘብ ካልከፈልከኝ አልምርህም ብሎ ያስፈራራዋል። ኮልድዌል ለሃልፐሪን ይነግራል። ሃልፐሪን ሌባው ማን እንደሆነ ከኮሎምቦ አውጣጥቶ መዝገቡን ያያል፤ አድራሻውንም ይይዛል። ከኮልድዌል ቤት ወስዶ ያቆየውን ጌጣጌጥ በዚያ አድራሻ ቤት ገብቶ ይደብቃል። ከዚያ ፖሊሶቹን አስከትሎ ይመጣና ቤቱን ያስበረብራል፤ ጌጣጌጡም ይገኛል። ሃልፐሪን ነገሩ አለቀ ሲል፣ ኮሎምቦ ይህ ቤት የጄሰፕ አለመሆኑን ያስታውቃል። ቤቱን የተከራየው ኮሎምቦ ራሱ ነው። ያንን አድራሻ በጄሰፕ መዝገብ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው፤ መዝገቡን ያየው ደግሞ ሃልፐሪን ብቻ ነው። ጌጣጌጡን እዚያ ሊያስቀምጥ የሚችል ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ፖሊሶቹ የሚያዩት አለቃቸውን ነው። ምን ያህል ጊዜ ብናየውም በዚህ ሰዓት በቤታችን የሚናገር ሰው የለም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የሎስ አንጀለስ ታሪክ እኛን በጊኒር ለምን ያስጨንቀናል? ከተማችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ናት። መተዋወቁ ብዙ በረከት አለው፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ ብቻውን አይቀበርም። ነገር ግን አንድ ዕቃ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰርበትም ሰው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ወይም ሸክም የሚሸከመው ልጅ ነው፤ ወይም ባለፈው ወር ከሩቅ የመጣው ተከራይ ነው። የጆሮ ጉትቻ ይጠፋል፤ ከጉትቻው በፊት የልጅቷ ሻንጣ ይበረበራል፤ ባይገኝባትም የወሩ ደመወዝ ሳይሟላ ትሰናበታለች። ከሁለት ወር በኋላ ጉትቻው ለሠርግ ከተለበሰ ልብስ ኪስ ውስጥ ይወጣል። ጉትቻው ተመለሰ፤ የልጅቷን ስም ግን ማን ይመልስላት? ያ ወሬ ከእሷ ቀድሞ ወደ ሁለተኛው ቤት ደርሷል። ደላላው ሰምቷል፤ ጎረቤት ሰምቷል፤ ምናልባትም ወላጆቿ ገጠር ድረስ ሰምተዋል። በሰው ላይ መጥፎ ጥርጣሬን እንድንርቅ የታዘዝነው ጉዳቱ ይህን ያህል ሥር ስለሚሰድ ይመስለናል።

የቀድሞ አባቶቻችንም ያልታየ ወንጀልን ማውጣት እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ ያውቁ ነበር። በሀገራችን በብዙ ቦታ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሽማግሌዎች እያዋዩ የሚያውቅ ያወቀውን ይናገራል። ሌባሻይ የሚባልም ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይመራል፤ ገብቶ በወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ነህ ይባላል። ሁለቱን እናስተያያቸው። አፈርሳታ ጊዜ ያባክናል፤ ሰው ያጉላላል፤ ሆኖም ቢያንስ የሚጠይቀው የሚያውቅን ሰው ነው። ሌባሻይ ግን ማንንም አይጠይቅም፤ ዕጣው የወደቀበት ይፈረድበታል። ሌባሻይ ዛሬ ቀርቷል። ሆኖም የሠራተኛዋን ሻንጣ ከሁሉ አስቀድመን ስናስበረብር ያንኑ ልጅ በቤታችን እያንገዳገድነው አይደለምን?

የማስረጃ ነገር የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሀገርም ነው። ይህ የኮሎምቦ ክፍል በታየበት በ1974 አሜሪካኖች ስለ ፕሬዚዳንታቸው ስለ ሪቻርድ ኒክሰን ምርመራ ላይ ነበሩ። ምርመራው ደረጃ በደረጃ ሄዶ፣ የተቀረጹት የቴፕ ንግግሮች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጥተው፣ ፕሬዚዳንቱ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በእኛም ሀገር በዚያው ዓመት የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ይሁንና ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተገደሉ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ማን ምን እንዳጠፋ፣ ማንስ ምንም እንዳላጠፋ በፍርድ ሚዛን ሳይለይ ቀረ። ምርመራው ያላለቀለት ሰው ሲሞት እውነቱም አብሮት ይቀበራል፤ የሟች ቤተሰብም፣ ተበደልኩ ያለውም ሕዝብ መልስ አያገኝም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ የተጻፈው ለትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። ለሸክም ሠሪው ልጅም ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሕግ ደግሞ በየቤቱ አንደበት ካልተከበረ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ፊልሙን ብንወደውም ቅር የሚለን ነገር የለም ማለት አይደለም። ማርጋሬት ሃልፐሪንን የመሰለች ለድሃ የምታዝን ሴት ብዙም ሳትናገር ትሞታለች፤ ስለ እሷ የበለጠ ብናውቅ ደስ ባለን። ኮሎምቦም ሲጋራውን ከአፉ አይነጥልም፤ በየግብዣው የሚታየው መጠጥም ብዙ ነው። ደም እምብዛም ባይታይም የግድያው ነገር ለትንንሽ ልጆች አይሆንምና ወላጆች አስቀድመው ቢያዩት ይመረጣል። በመዝገብ ውስጥ የሐሰት አድራሻ ማስገባቱም በቤታችን ክርክር አስነሥቷል። ወጣቶቹ ጎበዝ ነው ሲሉ ትልልቆቹ መርማሪ ከዋሸ ማን ይታመናል ይላሉ። እኛ የሚታየን እንዲህ ነው፦ ያ ወጥመድ ንጹሕ ሰውን ሊይዝ አይችልም ነበር። ሃልፐሪን ጌጣጌጡን ይዞ ወደዚያ ቤት ባይሄድ ኖሮ አድራሻው የአንድ ባዶ ክፍል አድራሻ ሆኖ ይቀር ነበር። በሰው ላይ ማስረጃ መፍጠርና ሰው በገዛ እጁ ማስረጃ እንዲያመጣ መንገድ መተው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ያደረገው ሃልፐሪን ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ ነገ አንድ ዕቃ ቢጠፋ፣ ከኮሎምቦ የተማርነውን ይህን ሞክሩት። በመጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ቀጥሎ ከሰው የሰማችሁትን ለይታችሁ አስቀምጡ። በመጨረሻ የገመታችሁትን ለራሳችሁ ያዙት፤ ከአንደበት እንዳይወጣ። ልጆችንም በዚሁ አለማምዷቸው። ታናሽ እህቴ ሰበረችው የሚል ልጅ፣ ስትሰብረው አይተሃል ወይስ መሰለህ ተብሎ ይጠየቅ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ በቁጣም መጠየቅ የለበትም። ካፖርታሙ ሰውዬ ከበሩ ተመልሶ እንደሚጠይቀው በለሆሳስ ይበቃል። የጠፋው ዕቃ ላይገኝ ይችላል። የቤት ሠራተኛዋ ግን በዚያ ሌሊት ስሟ ሳይጎድፍ ትተኛለች፤ ልጆቻችንም አይተውት ያድጋሉ።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ወሰላሙ ዓለይኩም።